አሥራ ሁለቱ ካርቶኖች፦ የድሮ የኮምፒውተር ጌም ድሬ ሆኖ ከነሙሉ ዕቃው መሰብሰብ

ስብስቤ ሞልቷል። ሉካስፊልም ጌምስ፣ ኋላ ሉካስአርትስ የተባለው ኩባንያ፣ ከ1987 እስከ 1997 ስከም በተባለው የራሱ ፕሮግራም የሠራቸው አሥራ ሁለት የጀብዱ ጌሞች አሁን ሁሉም አሉኝ። ከነካርቶናቸው፣ ከነመመሪያቸው፣ ከነውስጥ ዕቃቸው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ካርቶኖቹ ላይ የታተመው እንደዛ ስለሆነ።

የጨረስኩት ድሬዳዋ ሆኜ ነው። ውጭ አገር ያለ ሰብሳቢ ስልኩን ነካ ነካ ያደርግና ዕቃው በሩ ላይ ይመጣለታል። የእኛ መንገድ ሌላ ነው። መግዣው በዘመድ፣ ማምጫው በሻንጣ፣ ማስቀመጫው ከሙቀት ጋር በመታገል ነው። ግን ይቻላል። እዚህ ወይም ሐረር ሆናችሁ ይሄን የምታስቡ ካላችሁ፣ ያለፍኩበትን ሁሉ ልንገራችሁ።

ዋናውን አስቀድሜ ልበል። ስብስብ የሚሞላው በወረቀት ነው። ዲስክ ይገኛል። ካርቶንም ትንሽ ቢቆይ ይገኛል። ካርቶኑ ውስጥ የነበረችው ብጣሽ ወረቀት ግን አንዴ ከእናቷ ከተለየች በኋላ ፍለጋዋ ሌላ ሥራ ነው። ስለዚህ ስትገዙም፣ ስታስመጡም፣ ስታስቀምጡም መጀመሪያ ወረቀቱን አስቡ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ያኔ የጌም ኩባንያዎች ራስ ምታት ቅጂ ነበር። ፍሎፒ፣ ማለትም ያኔ ጌም የሚሸጥበት ጠፍጣፋ ዲስክ፣ በደቂቃዎች ይገለበጣል። ስለዚህ ጌሙ ውስጥ ጥያቄ ያስገቡና መልሱን ካርቶኑ ውስጥ በወረቀት ያስቀምጡታል። ዲስኩን ብቻ የቀዳ ሰው በር ላይ ይቀራል። ጎበዞቹ ሠሪዎች ደግሞ ያንን ወረቀት የጨዋታው አካል አደረጉት።

ድሬ ላይ እነዚህን ጌሞች ያወቅናቸው በተቀዳ ፍሎፒ ነው። በ1990ዎቹ ኮምፒውተር ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። አንዱ ቤት የገባ ዲስክ ሰፈሩን ያዳርሳል። በ1990 የወጣው ዘ ሲክሬት ኦፍ መንኪ አይላንድ ሲከፈት የአንድ የባሕር ወንበዴ ፊት ያሳያችሁና ይሄ ሰው እዚህ ቦታ የተሰቀለው በስንት ዓመት ነው ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ካልተጻፈ ወደ ውስጥ የለም። እኛ ጋ መልሱ ያለው ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ነበር። አንድ ሰው ሠንጠረዡን በእስኪርቢቶ ገልብጦታል። ፊቶቹን መሳል ስላልቻለ "ባለ ሻሹ"፣ "ጥርሰ ወላቃው"፣ "ዓይነ ስውሩ" እያለ ጽፏቸዋል። ሰፈሩ በሙሉ በዛች ወረቀት ነው የተጫወተው።

ኦሪጅናሉን በእጄ የያዝኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የኮድ መንኮራኩር ይባላል፤ ሁለት ክብ ካርቶኖች ተደራርበው መሐላቸው ላይ በፒን ተያይዘዋል። ላይኛውን ስታዞሩት የአንዱ ወንበዴ ግንባር ከሌላው አገጭ ጋር ይገጥማል። ስክሪኑ ላይ ያለው ፊት እስኪመጣ ታዞራላችሁ። ከዛ በቦታው ስም ሥር ባለችው ቀዳዳ ዓመቱ ብቅ ይላል። ለሌባ መከላከያ የተሠራ ነገር እንዲህ ያምራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። መሰብሰብ የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

ሌሎቹም ካርቶኖች እንደዚሁ ናቸው። ዛክ ማክራከን በ1988 የወጣ ሲሆን ባለታሪኩ የአሉባልታ ጋዜጣ ሪፖርተር ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያ ጋዜጣ ራሱ ታትሞ ተቀምጧል፤ ውስጡ የጨዋታው ፍንጮች አሉ። ከአሜሪካ ውጭ ለመብረር ስትሞክሩ ደግሞ የቪዛ ኮድ ይጠይቃችኋል። ደጋግማችሁ ከተሳሳታችሁ እስር ቤት ትገባላችሁ። የ1989ኙ ኢንዲያና ጆንስ ኤንድ ዘ ላስት ክሩሴድ የአባትየውን የማስታወሻ ደብተር ይዟል። መጨረሻ ላይ ከተደረደሩት ጽዋዎች እውነተኛውን መምረጥ የምትችሉት ደብተሩን ካነበባችሁ ነው። እዚህ ጋ ልብ በሉ፦ የመጀመሪያዎቹ እትሞች ሙሉውን ደብተር ይዘዋል፣ ኋላ የወጡት ግን ያጠረ ነው ያላቸው። ሻጩ "ደብተሩ አለ" ቢላችሁ የትኛው ብላችሁ ጠይቁ። የገጹን ብዛት አስቆጥሩት።

ከሁሉም ልቤን የሚነካው ሉም ነው። ብራያን ሞሪያርቲ የሠራው የ1990 ጌም ነው። በፍሎፒ የወጣው ካርቶን ውስጥ የድምፅ ካሴት አለ። ግማሽ ሰዓት ያህል የሚሆን ድራማ ነው፤ ጌሙ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ታሪክ ይተርካል። ካሴት አስገብታችሁ፣ መብራት አጥፍታችሁ፣ እስከ መጨረሻው ትሰሙና ከዛ በኋላ ነው ኮምፒውተሩን የምታበሩት። ከካሴቱ ጋር አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አለች። አንዳንዱ ጽሑፍ በባዶ ዓይን አይነበብም፤ አብራ የምትመጣውን ቀይ ላስቲክ መሳይ ማጣሪያ ስታደርጉበት ነው ብቅ የሚለው። ጌሙ ውስጥ ድግምት የሚሠራው በአራት አራት የሙዚቃ ኖታ ነው። ኖታዎቹ ደግሞ ጌሙ እንደ አዲስ በተጀመረ ቁጥር ይለዋወጣሉ። ስለዚህ ተጫዋቹ መጽሐፉ ላይ በእርሳስ እየጻፈ ይይዛቸዋል።

የእኔ መጽሐፍ ላይ የማላውቀው ልጅ ጽሑፍ አለ። ኖታዎቹን ጽፎ፣ አጥፍቶ፣ እንደገና ጽፏል። አንዱ ገጽ ላይ እርሳሱን በጣም ስለተጫነው ወረቀቱ ጀርባ ድረስ ይዳሰሳል። ብዙ ሰብሳቢ እንዲህ ዓይነቱን "ተበላሽቷል" ብሎ ያልፈዋል፤ ዋጋውም ይወርዳል። እኔ በደስታ ነው የገዛሁት። መጽሐፏ የተሠራችው ሊጻፍባት ነው። እባካችሁ እንዲህ ያለ ካገኛችሁ በላጲስ እንዳትነኩት።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ።

መጀመሪያ ልክ አብጁለት። "የድሮ ጌም እሰበስባለሁ" ያለ ሰው አይጨርስም፤ ገንዘቡ ነው የሚያልቀው። እኔ አሥራ ሁለቱን የመረጥኩት በር የተዘጋበት ዝርዝር ስለሆነ ነው። ከ1987ቱ ማኒያክ ማንሽን ይጀምርና በ1997ቱ ዘ ከርስ ኦፍ መንኪ አይላንድ ያልቃል። በ1998 የወጣው ግሪም ፋንዳንጎ በሌላ ፕሮግራም ስለተሠራ ከዝርዝሩ ውጭ ነው። ሉካስፊልምን ዲዝኒ በ2012 ገዝቶት በማግሥቱ ዓመት የጌም ሥራውን ዘጋው። ስለዚህ ዝርዝሩ አያድግም። እናንተም እንደዚህ ያለ ልክ ፈልጉ፤ የአንድ ባለሙያ ሥራዎች፣ አንድ ተከታታይ ጌም፣ ወይም ልጅ ሆናችሁ የተጫወታችኋቸው ብቻ።

ከዛ ሕግ አውጡ። የእኔ ሕግ ለፒሲ የወጣ፣ የመጀመሪያው ትልቅ ካርቶን፣ ውስጡ ያልጎደለ የሚል ነው። ቋንቋ ላይ ልል ነኝ፤ ለምን እንደሆነ ከታች ታያላችሁ። ሕጉ የሚጠቅማችሁ ርካሽ ነገር ዓይናችሁን ሲስበው ነው። እንግሊዝ አገር ኪክስ ኤክስኤል በሚል ስም በቅናሽ እንደገና የታተሙ ካርቶኖች አሉ። ከሩቅ ሲታዩ ያው ናቸው፣ ውስጣቸው ግን ብዙ ጊዜ የሳሳ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሲዲው ብቻ በፕላስቲክ ማቀፊያ የተሸጠ ሞልቷል። ለመጫወት ምንም አይሉም። ለስብስብ ግን ሁለት ጊዜ ገንዘብ ያስወጣሉ፤ አንዴ እነሱን ለመግዛት፣ ኋላ ትክክለኛውን ለመግዛት።

መንኪ አይላንድ ራሱ መጀመሪያ ባለ 16 ቀለም ሆኖ ወጣ፣ ቀጥሎ ባለ 256 ቀለም መጣ፣ ከዛ በሲዲ። ዲስኩም ትልቁ ባለ 5.25 ኢንች እና ትንሹ ባለ 3.5 ኢንች አለ። እኔ ትንሹን እመርጣለሁ፤ ለምን እንደሆነ ዲስክ ስታነቡ ይገባችኋል።

ለእያንዳንዱ ጌም አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጁ። ካርቶኑ ሲሸጥ ውስጡ ምን ምን እንደነበረ በዝርዝር ጻፉበት። መመሪያ፣ የኮድ ወረቀት፣ ፖስተር፣ የኩባንያው ካታሎግ፣ የምዝገባ ካርድ ሳይቀር። ይሄን ከራሳችሁ አታመነጩም። ከ1999 ጀምሮ የሚሠራው ሞቢጌምስ የተባለ ድረ ገጽ የካርቶኖችን ምስል ከየአገሩ እትም ጋር አስቀምጧል። ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ደግሞ ብዙ መመሪያዎች ስካን ተደርገው ይገኛሉ። ያላችሁ ነገር ላይ ምልክት አድርጉ፣ የጎደለውን ክፍት ተዉት። ያ ወረቀት ካርቶኑ ውስጥ ይቀመጥ። አንድ ዘመድ ውጭ ሆኖ "ይሄን አገኘሁ፣ ልግዛው?" ብሎ ሲደውል እናንተ ወረቀቱን አውጥታችሁ መልስ ትሰጣላችሁ።

ከሻጭ ጋር ስትነጋገሩ "ሙሉ ነው" የሚለው ቃል አያጽናናችሁ። ለብዙ ሻጭ ሙሉ ማለት ካርቶን፣ ዲስክ እና መመሪያ ነው። ሁሉንም ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ፎቶ እንዲያነሳ ጠይቁት። የቀኑን ቀን የጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ከጎኑ ቢያደርግ ጥሩ ነው፤ ከሌላ ቦታ የተወሰደ ፎቶ ስለሚበዛ። የኮድ መንኮራኩር ካለ ይዞራል ወይ በሉት። ሉም ከሆነ ቀይዋ ማጣሪያ አለች ወይ በሉት፤ ትንሽ ስለሆነች መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። ሽታ አለው ወይ ብላችሁም ጠይቁ። ምድር ቤት ውስጥ ሻግቶ የቆየ ወረቀት ሽታው አይለቅም፣ ሻጋታውም ወደ ጎረቤቱ ካርቶን ይተላለፋል።

የታሸገ ካርቶን ላይ ገንዘብ አታፍስሱ። ላስቲኩን እንደገና ማሸግ ማሽን ላለው ሰው ቀላል ሥራ ነው። በ2022 የዚህ ዓለም ሰብሳቢዎችን ያስደነገጠ ነገር ተሰምቶ ነበር። ለዓመታት የታመነ አንድ ሰብሳቢ የሸጣቸው ውድ ውድ የጥንት ጌሞች ፎርጅድ ናቸው ተባለ። ነገሩ የተነቃው ሰዎች ካርቶናቸውንና የዲስኩን ሌብል ከሌላ ሰው ዕቃ ጋር ማስተያየት ሲጀምሩ ነው። ስለዚህ ብቻችሁን አትፍረዱ፤ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አድርጉ። ዕቃው እጃችሁ ከገባ በአጉሊ መነጽር እዩት። የድሮ የማተሚያ ቤት ሥራ በሥርዓት የተደረደሩ ጥቃቅን ባለ ቀለም ነጠብጣቦች ያሳያል። የቤት ፕሪንተር ነጠብጣብ የተረጨ ይመስላል፤ ፊደሎቹም ጠርዛቸው ይደበዝዛል።

ቀጥሎ ማምጣት። እዚህ ነው ብዙ ስብስብ የሚሰበረው።

የእኛ ፖስታ ቤት ሰው ነው። "ሰው ይመጣል" ሲባል ወሬው ድሬን በአንድ ቀን ያዳርሳል፤ ሁሉም ኪሎ ይለምናል። ጫማ አለ፣ ቫይታሚን አለ፣ ስልክ አለ፣ የሠርግ ልብስ አለ። እዛ መሐል የእናንተ ካርቶን አየር የሞላበት ኮተት ሆኖ ነው የሚታየው። አንድ ዘመዴ ከቶሮንቶ ሲመጣ ከአሥራ ሁለቱ ጌሞች አንዱን፣ ዘ ዲግን፣ አስገዝቼው ነበር። ቤት ገብቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሻንጣው ሲከፈት ሲዲውን ከነመመሪያው በኩራት አወጣልኝ። "ካርቶኑ ቦታ ስላጠበብኝ እዛው ጣልኩት፤ ዋናውን ግን ይዤልሽ መጥቻለሁ" አለኝ። በቅን ልቦናው ነው። ማን ነው ለባዶ ካርቶን ኪሎ የሚያባክነው? አመስግኜ ተቀበልኩት። ዘ ዲግን እንደገና ስገዛ ግን አዲስ ዘዴ ይዤ ነበር።

ዘዴው ይሄ ነው። የእነዚህ ካርቶኖች ውስጥ አብዛኛው ባዶ ነው። ለሚያመጣው ሰው "ካርቶኑ ውስጥ የልጆች ካልሲና ቲሸርት ጠቅጥቅበት" በሉት። እሱ ቦታ አላባከነም፤ ካርቶኑም ከውስጥ ስለሞላ አይጨፈለቅም። ወረቀቶቹና ዲስኮቹ ለብቻቸው በላስቲክ ተጠቅልለው በሁለት ጠፍጣፋ ካርቶን መሐል ይሁኑ። ከሁሉ በፊት ግን ለምን ካርቶኑን እንደምትፈልጉት አስረዱት። ፎቶ ላኩለት። ሰው ምክንያቱን ካወቀ እንደ ዕንቁላል ተሸክሞ ያመጣል። ጉምሩክ ላይ ምንድን ነው ከተባለ የሚያሳየው የግዢ ደረሰኝ ቢይዝ ጥሩ ነው። የአየር ማረፊያው የኤክስሬይ ማሽን ፍሎፒ ያጠፋል የሚሉ አሉ። አያጠፋም፤ ፍሎፒ የሚፈራው ማግኔት ነው።

ውጭ ውጭ ብቻ ማየት ግን ደግ አይደለም። ይቺ ከተማ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ በ1902 ከጅቡቲ ድሬ ከደረሰ ጀምሮ ዕቃ ሲገባባት ነው የኖረው። የባቡሩ ሠራተኞች ፈረንሳይኛ ይናገሩ ነበር፤ ልጆቻቸው ጅቡቲም ፈረንሳይም ሄደው ተምረዋል። የሄዱት ልጆች ለክረምት ሲመለሱ ባዶ እጃቸውን አይመጡም ነበር። ስለዚህ ታይዋን ገበያ ውስጥ ስዞር ከምውል ሰዎችን መጠየቅ ይሻላል ብዬ ወሰንኩ። ታይዋን ላይ አዲስ ዕቃ እንጂ የሠላሳ ዓመት ካርቶን አይገኝም። የሰው ጓዳ ነው የሚያስቀምጠው።

ከዚራ ሰፈር የሚኖሩ አንድ የባቡር ጡረተኛ ነበሩ። ልጃቸው ድሮ ኮምፒውተር እንደነበረው ሰምቼ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ልጅዎ ይጫወትበት የነበረ የኮምፒውተር ጌም ካርቶን ቤት ውስጥ ይኖር ይሆን?"

"ካርቶን? አይ አቦ! ካርቶንማ ሞልቷል። ግቢና እዪ።"

ከሣጥን ሥር ያወጡት ካርቶን የኢንዲያና ጆንስ ላስት ክሩሴድ ነበር፤ የፈረንሳይኛው እትም። ጠርዙ ትንሽ ተበልቷል፤ ውስጡ ግን የተነካ አይመስልም። የአባትየው ማስታወሻ ደብተር አለ፤ ያውም ወፍራሙ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ገጽ ገለጥኩ። ዋጋ ከመጥራቴ በፊት ግን ጋሼ ካርቶኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

"ይሄ የልጄ ነው። እሱን ሳልጠይቅ አልሰጥሽም።"

ትክክል ናቸው። እናንተም እንዲህ ሲገጥማችሁ አትጫኑ። ሻዩን ጠጡ፣ ቆዩ፣ ተመልሳችሁ ሂዱ። ልጃቸው ፈረንሳይ ነው ያለው። ስልክ ተደወለለት። "ትውሰደው፤ ግን የደብተሩን ገጽ በሙሉ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ" አለ። እኔም እያንዳንዱን ገጽ ስካን አድርጌ ላክሁለት፤ ለአባትየው ደግሞ አሳትሜ አስጠርዤ ሰጠኋቸው። ጋሼ መመሪያውን በዛ ጥርት ባለ የባቡር ፈረንሳይኛቸው አነበቡልኝ። እንግሊዝኛውን እትም ኋላ ላይ የማግኘት ዕድል ነበረኝ፤ አልገዛሁትም። የድሬ ልጅ ስብስብ ውስጥ በጅቡቲ በኩል የገባ ፈረንሳይኛ ካርቶን ቦታው ነው። ከሰው ቤት ዕቃ ስትወስዱ ለቤተሰቡ ቅጂ መስጠትን ልማድ አድርጉት። በሌላ በር የሚያስገባችሁም እሱ ነው፤ ወሬው ይቀድማችኋል።

አሁን ስለ ሙቀት። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። በግንቦትና በሰኔ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ምን እንደሚመስል ለድሬ ሰው አይነገርም። የድሮ ካርቶን ማጣበቂያው ይደርቅና ጎኑ ይከፈታል። ካሴት ሊጣመም ይችላል። ፀሐይ ከነካው ቀይ ቀለም ቀድሞ ይነጣል፤ አንድ በጋ በመስኮት አጠገብ የዋለ ካርቶን ጀርባና ፊቱ የተለያየ ዕቃ ይመስላል። አቧራው ደግሞ ሌላ ነው፣ በተዘጋ በርም ይገባል።

እኔ ስብስቡን ያስቀመጥኩት ሐረር ነው። ሐረር ከድሬ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው፤ ከፍታዋ ግን ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል። ያ ልዩነት ለወረቀት ሕይወት ነው። አክስቴ ጁገል ውስጥ የድንጋይ ግድግዳው ወፍራም የሆነ የድሮ ቤት አላት። ቀን ላይ ከውጭ ስትገቡ ቅዝቃዜው ፊታችሁን ይነካችኋል። ግን ሐረርም የራሷ ጣጣ አላት፤ በክረምት ግድግዳው እርጥበት ይይዛል። ስለዚህ ካርቶኖቹን ግድግዳ ውስጥ በተሠራው መደርደሪያ ላይ አላስቀመጥኳቸውም። ከግድግዳ አንድ ክንድ የራቀ፣ ከመሬትም ከፍ ያለ የእንጨት ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው። ምስጥ እንዳይወጣ እግሮቹ በየጊዜው ይታያሉ። እያንዳንዱ ካርቶን በስስ ላስቲክ ተሸፍኗል፤ ላስቲኩ ግን አልታሸገም፣ አየር ያስገባል።

አዲስ ጫማ ስትገዙ ካርቶኑ ውስጥ የምታገኟት እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አትጣሉ። ጎረቤትና ጓደኛም እንዳይጥል ንገሩ። እኔ ጋ የጫማ ሻጮች ሳይቀሩ ያስቀምጡልኛል። ግን ዘላለም አትሠራም፤ ትጠግባለች። በየክረምቱ መግቢያ ቀይሯቸው።

ካርቶን አቁማችሁ ደርድሩ፣ አትቆልሉ፤ ከሥር ያለው ይጨፈለቃል። ውስጡን በነጭ ወረቀት ሙሉት። የጎማ ላስቲክ ወረቀት ላይ አትጠምጥሙ፤ ሙቀት ላይ ይቀልጥና ተጣብቆ ይቀራል። የተቀደደ ነገር ላይ ስኮች አትለጥፉ። የ1993ቱ ደይ ኦፍ ዘ ቴንታክል መጀመሪያ የወጣው በሦስት ማዕዘን ካርቶን ስለሆነ ከማንም ጋር አይደረደርም፤ ለእሱ ለብቻው ቦታ አዘጋጁለት። ይሄ ጌም ውስጥ አንድ ኮምፒውተር አለ፣ በዛ ኮምፒውተር ማኒያክ ማንሽን ሙሉውን መጫወት ይቻላል። ማኒያክ ማንሽንን መጫወት ብቻ የሚፈልግ ሰው ስለዚህ ካርቶኑን ፍለጋ መድከም የለበትም።

ዲስኮቹን በተመለከተ አጭር ልሁን። እጃችሁ እንደገቡ ወዲያው ገልብጧቸው። ባለ 3.5 ኢንቹን በዩኤስቢ የሚሰካ የፍሎፒ ማንበቢያ ያነበዋል፤ ሻንጣ ውስጥም ቦታ አይፈጅም። ባለ 5.25 ኢንቹ የድሮውን ድራይቭ ራሱን ይፈልጋል፤ ከዘመኑ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ግሪስዊዝል የሚባል ትንሽ ሰርኪት አለ። ትንሹን እመርጣለሁ ያልኩት ለዚህ ነው። ከማስገባታችሁ በፊት ዲስኩ ላይ እንዳይጻፍበት መከላከያውን አስተካክሉ፤ በትንሹ ዲስክ ላይ ቀዳዳዋ ክፍት ስትሆን ነው የሚጠበቀው። ዲስኩ ፊት ላይ ነጭ ሻጋታ ካያችሁ አታስገቡት። ሳይጸዳ ከዞረ ዲስኩም ያልቃል፣ ማንበቢያውም ይቆሽሻል።

ከተገለበጠ በኋላ ስከምቪኤም አለላችሁ። ከ2001 ጀምሮ ያለ ነፃ ፕሮግራም ነው። የዲስኩን ፋይሎች ታሳዩታላችሁ፣ እሱ ዛሬ ባለው ኮምፒውተር ላይ ያጫውታችኋል። አሥራ ሁለቱም በእሱ ይሠራሉ፤ ስልክ ላይም ጭምር። ኦሪጅናሎቹ ዲስኮች ከዛ በኋላ ማረፍ ይችላሉ።

የጎደለ ወረቀት ማሟላት ከሁሉም ረጅሙ ክፍል ነው። የመንኪ አይላንድ ሁለተኛው ክፍል፣ የ1991ዱ፣ የራሱ መንኮራኩር አለው፤ የወንበዴ ፊት ሳይሆን የጥንቆላ መድኃኒት ቅመም ነው የምታዛምዱበት። ካርቶኑ ዲስክና መመሪያ ይዞ ቀድሞ መጥቶልኛል፤ መንኮራኩሩ ግን የለም። ሙሉ ካርቶን እንደገና ከመግዛት መታገሥ መረጥኩ። መንኮራኩር ለብቻው የሚሸጥ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ካርቶኑ የተበላሸበት ሰው ነው የሚሸጠው። እንዲህ ያለ ሻጭ ስታገኙ ሌላ ምን ቁራጭ አለህ ብላችሁ ጠይቁት፤ ያለውን ወረቀት ሁሉ ያወጣል። እስከዚያ ድረስ ስካኑን አሳትሜ፣ በወፍራም ወረቀት ላይ ለጥፌ፣ በፒን ሠርቼ ካርቶኑ ውስጥ አስቀምጬ ነበር። ጀርባው ላይ በእርሳስ "ቅጂ" ብዬ ጽፌበታለሁ። እናንተም ያለ ምልክት ቅጂ አትተዉ። ነገ ካርቶኑ ሌላ ሰው እጅ ሲገባ ያ ሰው መታለል የለበትም። አሥራ ሁለተኛውን ካርቶን የሞላችልኝ ይቺው መንኮራኩር ናት። ከሚኒያፖሊስ በአንድ እናት የጸሎት መጽሐፍ መሐል ተቀምጣ፣ ሳትታጠፍ መጣች።

ቅጂዋን አልጣልኳትም። የአክስቴ ልጆችና ጓደኞቻቸው የሚጫወቱት በእሷ ነው። ስከምቪኤም ላይ አብዛኞቹ የኮድ ጥያቄዎች ሊታለፉ ይችላሉ፤ እኔ ግን መጀመሪያ መንኮራኩሩን አዙሩ እላቸዋለሁ።

ዕቃ በጅምላ ስትገዙ ትርፍ መምጣቱ አይቀርም። እኔ ጋ ተጨማሪ የ1992ቱ ፌት ኦፍ አትላንቲስ መመሪያና የፉል ስሮትል ባዶ ካርቶን አለ። እነዚህን ወደ ውጭ ከመሸጥ እዚሁ አገር ላለ ሰብሳቢ በለውጥ መስጠት ይሻላል፤ አዲስ አበባም ሐዋሳም እንዲህ ያለ ሰው እየተገኘ ነው። አንድ ጊዜ ውቅያኖስ አቋርጦ፣ በሰው ሻንጣ ተለምኖ የገባ ወረቀት ተመልሶ መውጣት የለበትም። የትርፋችሁን ዝርዝር ከጎደላችሁ ዝርዝር አጠገብ ጻፉት፤ ከሌላ ሰብሳቢ ጋር ስትገናኙ ሁለቱን አብራችሁ አሳዩት።